የበዓል ፈቃድ በዩደብ፦ ፎርሙ፣ ሁለቱ ሳምንታትና ሾልከው የሚቀሩት ነጥቦች

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ለገና ወይም ለአረፋ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም። ገናም፣ ጥምቀትም፣ ስቅለትም፣ ሁለቱ ዒዶችም፣ መውሊድም ሕዝባዊ በዓላት ናቸው፤ ቀኑ ሲደርስ ትምህርት ይዘጋል። ሲያትል የመጣ ተማሪ ግን ጃንዋሪ 7 ላይ የሚጠብቀው የላብ (የቤተ ሙከራ) ገለጻ፣ የቲኤ (የረዳት አስተማሪ) ስም ጥሪና የመጀመሪያ ኩዊዝ ነው። የዩኒቨርሲቲው ካሌንደር በዓሉን አያውቅለትም፤ ማስታወቅ ያለበት ራሱ ነው። ለዚህ ማስታወቂያ የተዘረጋው አገልግሎት እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚያነክስና ለእኛ በዓላትና አጽዋማት ምን ያህል እንደሚመች እንመልከት።

የምንገመግመው የሲያትል ሰው «ዩደብ» የሚለውን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተንን ነው፤ ሲያትል፣ ቦተልና ታኮማ ያሉትን ሦስቱንም ካምፓሶች። አገልግሎቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ የስቴቱ ሕግ ላይ ነው። ሴኔት ቢል 5166 የሚባለው ይህ ሕግ ከጁላይ 28 ቀን 2019 ጀምሮ ይሠራል። ስለዚህ መብቱ የዩደብ ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ ሾርላይን፣ ሃይላይን ወይም ከሲያትል ኮሌጆች በአንዱ የሚማሩ ልጆችም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። የሚለያየው ፎርሙና ፎርሙ የሚገባበት ቢሮ ነው።

ሕጉ ሲነበብ ክብደት ያላቸው ጥቂት ቃላት አሉት። አንደኛ፣ የሚናገረው ስለ መቅረት ብቻ አይደለም። በሃይማኖት በዓል ምክንያት ከክፍል የሚቀር ተማሪም፣ ክፍል እየመጣ «ከባድ ችግር» የሚደርስበት ተማሪም ይካተታሉ። ይህች ሁለተኛዋ ሐረግ ለጾመኛ ወርቅ ናት፤ ወደ በኋላ እንመለስባታለን። ሁለተኛ፣ ማመቻቸት ማለት ምን እንደሆነ ይተረጉማል፦ ከተማሪው ጋር ተነጋግሮ የፈተናውን ወይም የሌላውን ሥራ ቀን ማስተካከል፣ ማዛወር ወይም ሌላ ሰዓት መስጠት። ሦስተኛ፣ ተማሪው ኮርሱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ቀኖቹን ለይቶ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ለጥያቄው ክፍያ አይጠየቅም። ፖሊሲው ሲለበስ (መምህሩ የሚያድለው የኮርሱ ዝርዝር) ላይ መጠቀስ አለበት፤ የዩደብ ሲለበሶች ግርጌ ላይ ያለችውና ማንም የማያነባት አንቀጽ ይህችው ናት። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ደብዳቤ ማምጣትን የሕጉ ጽሑፍ አያነሳም፤ የሚጠይቀው ቀን የተጻፈበት ማስታወቂያ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ሬጂስትራሩ ድረ ገጽ ላይ የሃይማኖት ማመቻቸት መጠየቂያ ፎርም አለ፤ ተማሪው በዩደብ ኔት አይዲው ገብቶ ይሞላዋል፣ ጥያቄው ወደ መምህሩ ያልፋል፣ ከዚያ መምህሩና ተማሪው በዝርዝሩ ላይ ይነጋገራሉ። ፎርሙን ከመክፈት በፊት የሚያስፈልገውን አጠገብ ማድረግ ይጠቅማል፦ የኮርሶቹ ኮድና ሴክሽን፣ የመምህራኑ ስም፣ የየኮርሱ ሲለበስ፣ የበዓላቱ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር። ሲለበሱ ያስፈለገው የፈተናውና የላቡ ቀን ከበዓሉ ቀን ጎን እንዲቀመጥ ነው። «ለፋሲካ ፈቃድ እፈልጋለሁ» ተብሎ የተሞላ ፎርም መምህሩን ምንም አያሠራውም። «ዓርብ ኤፕሪል 10 ቀኑን ሙሉ፤ በዚያ ቀን ላብ 2 አለ» የሚለው ግን በአንድ መስመር መልስ ያልቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው የአገልግሎቱ ጥንካሬ በሬጂስትራሩ በኩል ማለፉ ነው። የእኛ ልጆች አስተማሪን አክብረው ያደጉ ናቸው፤ ፕሮፌሰር ፊት ቆሞ «በዓል ስላለብኝ ፈተናውን ያዛውሩልኝ» ማለት ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ብዙዎቹ ከመጠየቅ ይልቅ ስቅለትን ላብ ውስጥ ቆመው ያሳልፋሉ፣ አለዚያም ዝም ብለው ቀርተው ነጥባቸውን ያጣሉ። ፎርሙ ይህን ጭንቀት ያቀልላል። ተማሪው ውለታ እየጠየቀ ሳይሆን ሕግ ያዘዘውን ማስታወቂያ እየሰጠ ነው፤ መምህሩም የደረሰው ልመና ሳይሆን ከቢሮ የመጣ ጉዳይ ነው። ይህን ወላጆችም ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ «አስተማሪህን አታስቸግር» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ልጁን ይጎዳዋል።

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ደግሞ ሰዓቱ ነው። የዩደብ ኳርተር አሥር ሳምንት ትምህርትና አንድ ሳምንት ፋይናል ነው። ከአሥሩ ሁለቱ ለማስታወቂያ ተሰጥተዋል። ሁለቱ ሳምንታት የሚቆጠሩት ኮርሱ ከተጀመረበት ቀን እንጂ እናንተ ከተመዘገባችሁበት አይደለም፤ በስድስተኛው ቀን ኮርስ የቀየረ ተማሪ ለአዲሱ ኮርስ የቀረው ጊዜ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ለአንዱ ኮርስ የላካችሁት ማስታወቂያም ለሌላው ኮርስ መምህር አይሆንም፤ ኮርስ በቀየራችሁ ቁጥር ፎርሙን እንደገና ማየት አለባችሁ።

ይህ የጊዜ ገደብ የሚከብደው የበዓሉን ቀን በመጨረሻው ሳምንት ለሚሰማ ሰው ነው። የእኛ ቤት ግን ባሕረ ሐሳብ ያለበት ቤት ነው። መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ይታወጃሉ፦ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፣ ስቅለትና ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውሉ። ይህ አዋጅ የሚነገረው የመኸሩ (የፎል) ኳርተር ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ተማሪው የሚያስፈልገውን የዓመቱን ቀን ሁሉ አንድም ክፍል ሳይጀመር በእጁ ይዟል ማለት ነው። የሚቀረው ወደ ፈረንጅ ቀን ገልብጦ ስልኩ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ይህን ሥራ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለሁሉም ተማሪ በአንድ ገጽ ቢያዘጋጀው ብዙ ልጅ ይድናል።

አሁን በየኳርተሩ የት ላይ እንደሚጠልፍ። በመኸር፣ እንቁጣጣሽ ትምህርት ሳይጀመር ስለሚያልፍ አይጋጭም። መስቀል ግን ኳርተሩ በሚከፈትበት ሰሞን ይውላል። ዩደብ የመኸሩን ኳርተር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሴፕቴምበር የመጨረሻ ረቡዕ ገደማ ነው፤ በዓሉ ሴፕቴምበር 27 ነው፣ ደመራውም በዋዜማው። የመጀመሪያው ሳምንት «ምንም አይሠራበትም» እየተባለ ይናቃል። ስህተት ነው። በአንዳንድ ኮርሶች በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት ያልታየ ተማሪ ቦታው ተጠባባቂ ላይ ላለ ሰው ይሰጥበታል፤ በተለይ በቋንቋ ክፍሎችና በላቦች። ስለዚህ ለመስቀል ፎርሙ ብቻ አይበቃም፤ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለመምህሩ አጭር ኢሜይል መላክ ያስፈልጋል።

የክረምቱ (የዊንተር) ኳርተር ከሁሉ የከፋው ነው። በ2026 ትምህርት የተጀመረው ሰኞ ጃንዋሪ 5 ሲሆን ገና በሦስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ለእንዲህ ያለ ቀን ኳርተሩ እስኪከፈት መጠበቅ አይቻልም። ምዝገባው ካለቀ በኋላ በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንታት ለመምህሩ መጻፍ ይሻላል፤ ከፈረንጅ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ኢሜይል የሚከፍት መምህር ጥቂት ነው። ከዚያ ጥምቀት አለ። ጃንዋሪ 19 ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ሳምንታት ጫፍ ትንሽ እልፍ ብሎ ይወድቃል። በ2026 ሰኞ ውሎ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር ስለገጠመ ትምህርት አልነበረም፤ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ታቦቱን ሸኘ። በ2027 ግን የኪንግ ቀን ሰኞ ጃንዋሪ 18 ነው። ከተራው ነጻ ቀን ሆኖ ጥምቀቱ ማክሰኞ ይውላል፤ «አምና ዝግ ነበር» ብሎ የተቀመጠ ተማሪ የማስታወቂያው ጊዜ ባለቀ በቀናት ውስጥ በዓሉ ይደርስበታል። ገናንና ጥምቀትን በአንድ ፎርም አብሮ ማስታወቅ ነው መፍትሔው።

በጸደይ ደግሞ ሰሙነ ሕማማት፣ ስቅለትና ትንሣኤ አሉ። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር የሚያሳስተው እዚህ ነው። በ2025 ትንሣኤ ከምዕራባውያኑ ጋር በአንድ ቀን ኤፕሪል 20 ዋለ። በ2026 የእነሱ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12። በ2027 የእነሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2፤ ከአንድ ወር በላይ ልዩነት። መምህሩ የጠረጴዛ ካሌንደሩን ቢያይ «ጉድ ፍራይዴይ» ካለፈ ወር ሆኖታል፤ ማስታወቂያው ላይ «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ስቅለት፣ ዓርብ ኤፕሪል 30» ካልተባለ ተማሪው የተሳሳተ ይመስለዋል። የ2026ቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበረው። ኳርተሩ ማርች 30 ስለተከፈተ ሁለተኛው የትምህርት ሳምንት ራሱ ሰሙነ ሕማማት ሆነ፤ የመጨረሻው ዓርብ ስቅለት። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ቀን ያቆየ ተማሪ ስግደት ላይ ሆኖ ፎርም ይሞላ ነበር ማለት ነው። ሕጋዊው ገደብ ሁለት ሳምንት ቢሆንም ለመምህሩ ፈተና ለማዛወር የሚበቃ ጊዜ መተው የተማሪው ፋንታ ነው።

ተመሳሳይ ስህተት በጥምቀትም አለ። የተለመዱት የኢንተርኔት ካሌንደሮች «ኤፒፋኒ» የሚሉት ጃንዋሪ 6ን ነው። በማስታወቂያው ላይ በዓሉን ስትጠሩት «የኢትዮጵያና ኤርትራ ኦርቶዶክስ ጥምቀት፣ ጃንዋሪ 19» በሉ፤ ቀኑ ከካሌንደሩ ለምን እንደሚለይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ከዚያ በላይ ትምህርተ ሃይማኖት አያስፈልግም። መምህሩ ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ መቼ የለህም፣ ምን ያመልጥሃል፣ በምትኩ ምን ታቀርባለህ። ሦስተኛውን አስቀድሞ ያቀረበ ተማሪ ፈጥኖ ይመለስለታል። «በዚያው ሳምንት የሐሙሱን ላብ ሴክሽን ልገባ እችላለሁ» ወይም «ሚድተርሙን ሰኞ ጠዋት በቢሮ ሰዓትዎ ልፈተን እችላለሁ» የሚል ሐሳብ የመምህሩን ግማሽ ሥራ ሠርቶለታል።

አሁን ወደ ሾልከው የሚቀሩት ነጥቦች። ሚድተርም ማዛወር ቀላሉ ነው፤ ትልቅ ነገር ስለሆነ ሁሉም ያየዋል። ተማሪውን የሚጎዱት ትንንሾቹ ናቸው።

የመጀመሪያው «ድሮፕ» የሚባለው ነው። ብዙ መምህራን ከስምንት ኩዊዝ ዝቅተኛዎቹን አንዱን ወይም ሁለቱን ይሰርዛሉ። የበዓል ማስታወቂያ ሲደርሳቸው «አንዱ ስለሚሰረዝልህ ችግር የለም» ብለው ይዘጉታል። ችግር አለ። ያ ስረዛ ለታመመ፣ ለደከመ፣ አንድ ቀን ላልቀናው ተማሪ ሁሉ የተሰጠ ነው። የክፍል ጓደኛው ከስምንቱ ምርጥ ሰባቱ ሲቆጠሩለት፣ በዓል ያከበረው ልጅ የቻለውን ሰባት ሁሉ ተቆጥሮበት ለጉንፋን የሚሆን ምንም አይቀረውም። ይህ ነጥቡን ይነካል፤ የማመቻቸቱ ዓላማ ደግሞ ነጥቡ እንዳይነካ ነው። በትሕትና የሚጠየቀው ሁለት አማራጭ ነው፦ ኩዊዙን በሌላ ሰዓት መውሰድ፣ ወይም ካንቫስ (የኮርሶቹ ሥራና ነጥብ የሚገባበት ድረ ገጽ) ላይ ዜሮ ሳይሆን «ኤክስኪዩዝድ» ተብሎ እንዲመዘገብና ስረዛው ሳይነካ እንዲቀር። ካንቫስ «ኤክስኪዩዝድ» የተባለን ሥራ ከድምር ውጭ ያደርገዋል፤ ለመምህሩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የተሳትፎ ነጥብ ነው። ክፍል ውስጥ በስልክ የሚመለሱ ጥያቄዎች፣ የውይይት ሴክሽን ስም ጥሪ፣ የቡድን ሥራ ግምገማ። እነዚህ ብዙ ጊዜ በቲኤው እጅ ስለሆኑ ፕሮፌሰሩ ቢስማማም ቲኤው ሳይሰማ ይቀራል። ፕሮፌሰሩ በጽሑፍ ሲመልስ ያንኑ ኢሜይል ለቲኤው ማስተላለፍ፣ ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊትም ማስታወስ ያስፈልጋል። ቡድን ካለ የራስን ድርሻ ቀድሞ ጨርሶ ማስረከብ ነው፤ የቡድን ጓደኛ ፎርሙን አያየውም።

ሦስተኛው ላብ ነው። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ላቦች በየሳምንቱ ዕቃው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሳምንቱ ካለፈ ሙከራው ተነሥቶ ሌላው ይተከላል። ስለዚህ ላብን «ከበዓሉ በኋላ» ማካካስ አስቸጋሪ ነው። የሚሠራው በዚያው ሳምንት ሌላ ሴክሽን መግባት ነው፤ ይህ ደግሞ ወንበር መኖሩን ማረጋገጥ ይጠይቃል። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ያልተጠየቀ ወንበር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ነርሲንግና ሌሎች ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ልምምዶች ከዚህም ይከብዳሉ፤ ፈረቃው በሆስፒታሉ መርሐ ግብር ስለሚወጣ ማስታወቂያው ፈረቃ ከመደልደሉ በፊት ለልምምድ አስተባባሪው መድረስ አለበት።

አራተኛው ካንቫስ ላይ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 11፡59 የሚዘጉ የቤት ሥራዎች ናቸው። «ቤትህ ሆነህ ትልካለህ» ስለሚባል ከማስታወቂያው ውጭ ይቀራሉ። የትንሣኤ ሌሊት ግን ተማሪው ቅዳሴ ላይ ነው፤ የሚፈታው ሊነጋጋ ሲል ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ማታ የሚዘጋ ሥራ ካለ ፎርሙ ላይ እንደ ፈተና ቆጥራችሁ ጻፉት። በተቻለ መጠን ግን ቀድሞ ማስረከብ የተሻለ ነው፤ የተራዘመ ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት ላይ ይደረባል፣ አሥር ሳምንት ባለው ኳርተር ደግሞ የተደረበ ነገር በቶሎ አይወርድም።

ወደ «ከባድ ችግር» እንመለስ። ይህች ሐረግ ክፍል ለሚመጣ ጾመኛ ናት። በ2026 ዐቢይ ጾም ፌብሯሪ 16 ተያዘ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። ሁለቱ አብረው የክረምቱን ሚድተርሞች ተሻግረው እስከ ፋይናል ዘለቁ። የረመዳን ጾመኛ ዋናው ግጭት ማታ ነው። በሲያትል በፌብሯሪ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 6 አካባቢ ነው፤ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓት ሲቀየር ወደ 7 ያልፋል። ከ5 እስከ 7 የሚሰጥ የማታ ሚድተርም በፌብሯሪ የአፍጥርን ሰዓት መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል። የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፦ በፈተናው መካከል ቴምርና ውኃ ለመቅመስና ለመጸለይ አሥር ደቂቃ፣ ሰዓቱም በዚያው ልክ እንዲራዘም፤ ወይም ፈተናውን ጠዋት መውሰድ። ጠዋቱ ይሻላል፤ ሱሑር ከበሉ ጥቂት ሰዓት ብቻ ሆኖታልና አእምሮ ገና ትኩስ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት (በፈረንጅ 3) የሚጾም ኦርቶዶክሳዊም ከቀትር በኋላ ያለን ፈተና ወደ ጠዋት ለማዛወር በዚህችው ሐረግ መጠየቅ ይችላል። ከትንሣኤ ሌሊት በኋላ ሰኞ ጠዋት 8፡30 ያለ ፈተናም እንዲሁ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብ «በዓሉ እኮ እሑድ ነው» የሚል መምህር ቢያጋጥም ሕጉ ከመቅረት ሌላ ችግርንም እንደሚጨምር በትሕትና መጥቀስ ነው።

ለሙስሊም ተማሪ ሌላው ጣጣ ጨረቃዋ ናት። ቀኑ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ በጽሑፍ ቁርጥ ያለ ቀን ማስታወቅ ይጠበቅበታል። መፍትሔው ሁለቱንም ቀን መጻፍ ነው፦ «ዒድ አልፈጥር፣ ማርች 9 ወይም 10፤ በዋዜማው ማታ አረጋግጣለሁ»። የ2027ቱ እንደዚያ ይገመታል፤ የክረምቱ ትምህርት የመጨረሻ ሳምንት ላይ ማለት ነው፣ የቡድን ገለጻዎች በሚቀርቡበት። በ2026 ዒድ ማርች 20 አካባቢ ሲውል የፋይናል ሳምንት መጨረሻ ላይ ነበር። የፋይናሉ መርሐ ግብር ቀደም ብሎ ሬጂስትራሩ ጋ ስለሚወጣ ግጭቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሊታይ ይችላል፤ ለ2027ቱ ዒድ አልአድሃም የሜይን አጋማሽ እንዲሁ አስቀድሞ ማየት ነው።

ጁምዓ ግን በፎርሙ ብዙም አይፈታም። በየሳምንቱ ዓርብ ከአንድ ክፍል መቅረት የኮርሱን አንድ ሦስተኛ ሊወስድ ይችላል፤ ለመምህሩም ለተማሪውም አይመችም። ይህ የሚፈታው በምዝገባ ጊዜ ነው። ስትመርጡ አንድ ነገር አስቡ፦ ዙህር በሲያትል ሰዓቱ ሳይቀየር በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 1 ሰዓት ገደማ ይገባል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓት ሲቀየር ግን ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። የመኸሩ ኳርተር መሐል ላይ የሰላቱ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይንሸራተታል ማለት ነው። በኦክቶበር ከጁምዓ ጋር የማይጋጭ የ12፡30 ክፍል በኖቬምበር ሊጋጭ ይችላል።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተማሪዎች ይህን አገልግሎት እምብዛም አይጠቀሙበትም፤ «እኛ ቋሚ በዓል የለንም» በሚል። ፖሊሲው ግን በሃይማኖት ተቋም የሚዘጋጁ መርሐ ግብሮችንም ይጨምራል። የቤተ ክርስቲያኑ ኮንፈረንስ ወይም የወጣቶች ጉባኤ ቀኑ ከታወቀ በዚያው ፎርም ይገባል።

ፋይናልን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ። መምህሩ ለፋይናል ግጭት መፍትሔ ሲያጣ «ኢንኮምፕሊት» ልስጥህ ሊል ይችላል። ቸኩላችሁ አትቀበሉ። ዩደብ ውስጥ ይህ ውጤት የታሰበው ኳርተሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ በደንብ ሲማር ቆይቶ መጨረስ ላልቻለ ተማሪ ነው። ሥራው ወደሚቀጥለው ኳርተር ይሻገራል፣ በጊዜው ካልተሟላም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ለአንድ ቀን ግጭት በዚያው ሳምንት ሌላ ሰዓት መፈተን ይበቃል። ከዚህ የባሰው ግን ግጭቱን ሸሽቶ ኮርሱን መጣል ነው። በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያለ የባችለር ተማሪ ከ12 ክሬዲት በታች ከወረደ የቪዛ ሁኔታው ይነካል፤ ሁለት ቀን ላለመጠየቅ ሲባል ያን መንካት በምንም አይመዘንም።

መምህሩ «አይሆንም» ካለ ወይም ካልመለሰ? አንድ ሳምንት ጠብቆ በጽሑፍ ማስታወስ፣ ከዚያ የዲፓርትመንቱን አማካሪ፣ ከዚያ ሬጂስትራሩን። ፖሊሲው ለቅሬታ የተቀመጠ መንገድ አለው፤ ተማሪው ግን እዚያ የሚደርሰው ወረቀት ይዞ ከሆነ ብቻ ነው። በኮሪደር «እሺ፣ ችግር የለም» የተባለ ነገር ከስድስት ሳምንት በኋላ ማስረጃ አይሆንም፤ መምህሩ ከመቶ ሃምሳ ተማሪ መካከል አንዱን ላያስታውስ ይችላል። በቃል የተነጋገራችሁትን በዚያው ቀን «ዛሬ እንደተነጋገርነው፣ የኤፕሪሉን ኩዊዝ ሰኞ እወስዳለሁ» ብላችሁ በኢሜይል ላኩት። «ማመቻቸት» የሚለው ቃልም ወሰን አለው፤ የሚወሰነው እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚቀርብ የእንግዳ ገለጻ ወይም የመስክ ጉዞ እንደገና አይዘጋጅም፤ በምትኩ የሚጻፍ ሥራ መጠየቅ ነው።

ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር፣ ዲሲ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን የሚበዙበት ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድም ተማሪ በሃይማኖት በዓል ምክንያት እንዳይጎዳ የሚደነግግ ፖሊሲ አለው፤ እዚያም ማስታወቂያው የሚሰጠው በሴሜስተሩ መጀመሪያ፣ ኮርስ የማስተካከያው ጊዜ ሳያልቅ ነው። እሱ ሴሜስተር ስለሆነ ግን ጊዜው ሰፋ ይላል፤ የፋሲካን ማስታወቂያ ጃንዋሪና ፌብሯሪ ላይ የሰጠ ተማሪ መምህሩን ለሁለት ወር ያህል ያዘጋጃል። ዩደብ የሚበልጠው በፎርሙ ግልጽነትና «ከባድ ችግር»ን በመጨመሩ ነው፤ የሚያንሰው በጊዜ ጥበት። ነጥብ ስጡ ብንባል ከአምስት አራት እንሰጠዋለን። አምስተኛውን የነሣነው ሁለተኛው ሳምንት ካለቀ በኋላ ኮርስ ለጨመረና ቀኑን ከጊዜው በኋላ ላወቀ ተማሪ በመምህሩ በጎ ፈቃድ ላይ ስለሚተወው ነው።

ያለፈውን ዓመት ፎርም ገልብጦ መሙላት የለመደ ተማሪ ካለ ይጠንቀቅ፦ 2019 ዓ.ም. በጳጉሜን 6 ያልቃል። ስለዚህ 2020 ዓ.ም. የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው፤ መስቀል ማክሰኞ ሴፕቴምበር 28፣ ጥምቀትም ሐሙስ ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ይውላል። ገና ግን በጃንዋሪ 7 ይጸናል።